ስንበላ ልባችን የት ነው?

(በመቱ ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለፀረ ኤድስ ክበብ አባላት በአንዲት ነርስ ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ)



የክበባችሁ ሊቀመንበር ባለፈው ሳምንት ወደ ሥራ ቦታዬ መጥቶ «ሲስተር፣ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ አመጋገብ ትንሽ ትምህርት ይስጡን» ሲለኝ ደስ ብሎኝ እሺ አልኩት። ምን እንደጠበቃችሁ አውቃለሁ። ወተት፣ ዕንቁላል፣ ሥጋ፣ ጎመን፣ ካሮት እያልኩ እንድዘረዝር ነው። እሱን እኮ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ በየመጽሐፋችሁ ስታጠኑት ኖራችኋል። ደግሞም ዝርዝሩን ብጀምረው ግማሾቻችሁ በልባችሁ «ሲስተር፣ ዕንቁላሉን በምን ገንዘብ?» እንደምትሉ አይጠፋኝም። እውነታችሁን ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ምን እንብላ በሚለው ላይ ሳይሆን እንዴት እንብላ በሚለው ላይ ይሆናል። ይኼኛው ብር አይጠይቅም።

እስቲ መጀመሪያ በየወንበሩ የዞረውን ቆሎ ተመልከቱ። ለእያንዳንዳችሁ ትንሽ ትንሽ ደርሷችኋል። (አንዳንዶቻችሁ ገና ሳልጀምር ጨርሳችሁታል፤ አይቻለሁ!) የተረፈው ሰው ሦስት ፍሬ ብቻ አፉ ውስጥ ያግባ። ዓይናችሁን ጨፍኑና ቀስ ብላችሁ አኝኩ፤ ግን አትዋጡ። መጀመሪያ የተቆላው ሽታ ይመጣል። ቀጥሎ ይደቅቅና ዱቄት ይሆናል። አሁንም አትዋጡ። ትንሽ ቆዩ... ጣፈጠ አይደል? ስኳር የጨመረበት ሰው የለም። ምራቃችን ውስጥ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ስላለ የገብሱን ስታርች ወደ ስኳር መሰባበር ጀምሮ ነው። ይህንን በባዮሎጂ ትምህርት ለፈተና ሸምድዳችሁታል፤ ዛሬ በምላሳችሁ አወቃችሁት።

እንግዲህ ምግብ መፈጨት የሚጀምረው ጨጓራ ውስጥ ሳይሆን አፍ ውስጥ ነው። እንዲያውም ከአፍም በፊት ይጀምራል። ጎረቤት ሽንኩርት ሲቁላላ ሽታው ሲደርሳችሁ አፋችሁ ውኃ ይሞላል አይደል? በዚያች ደቂቃ ጨጓራችሁም የራሱን አሲድና ኢንዛይም ማዘጋጀት ይጀምራል። ልባችን ምግቡ ላይ ሲሆን ሆዳችን እንግዳ እንደሚጠብቅ ቤት ይሰናዳል። ልባችን ሌላ ቦታ ሆኖ ምግቡን እንዲያው ስንወረውርለት ግን ሳይዘጋጅ ይደርስበታል፤ ያውም ያልታኘከ ምግብ። ጥርስ ያለው አፍ ውስጥ ብቻ ነው፤ ጨጓራ ጥርስ የለውም።

አሁን ወደ እናንተ ኑሮ ልምጣ። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ ከገጠር ቀበሌ መጥታችሁ ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ ናችሁ። ከሁሩሙ፣ ከአልጌ፣ ከቡሬ አቅጣጫ የመጣችሁም አላችሁ። ቅዳሜ ወደ ቤት፣ እሑድ ማታ ስንቅ ተሸክሞ ወደ ከተማ። ሰኞና ማክሰኞ ስንቁ ደህና ነው። ሐሙስ ላይ እንጀራው ይደርቃል፤ ዓርብ ላይ ያልቃል። ጠዋት ደግሞ የመቱ ዝናብ እንደምታውቁት ነው። ተማሪው አርፍዶ ይነሳል፤ ቁርስ የለም፤ አከራይዋ እግዜር ይስጣቸውና አንድ ሲኒ ቡና ከሰጡት እሱን በባዶ ሆዱ ግጥም አድርጎ ይሮጣል። በዕረፍት ሰዓት አንድ ሳምቡሳ ወይም ቦንቦሊኖ በሁለት ጉርሻ ይውጣል። ማታ ግን የቀኑን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይበላል፤ ያውም በግራ እጁ ደብተር ወይም ስልክ ይዞ። በአምስት ደቂቃ ይጨርስና ይተኛል። እኩለ ሌሊት ላይ ደረቱ ሥር ያቃጥለዋል። ጠዋት ለጓደኛው «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ይለዋል።

አሁን ከመካከላችሁ የሳቁትን አየሁ። ለምን እንደሳቃችሁም አውቃለሁ፤ የራሳችሁን ኑሮ ነው የነገርኳችሁ። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ ነበርኩ።

በነገራችን ላይ ቡና በሚበቅልበት አገር መጥቼ ቡና አትጠጡ ልላችሁ አይደለም። እዚህ ቅርባችን ያለው የያዩ የቡና ደን በዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የዓለም ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ዓለም የሚያከብረውን እኛ አንነቅፍም። ነገር ግን እናቶቻችን ቡና እንዴት እንደሚጠጡ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ባዶውን አይቀርብም። ቆሎ ወይም ዳቦ ወይም የተቀቀለ በቆሎ አብሮ ይመጣል፤ ስሙም ራሱ የቡና ቁርስ ነው! ከዚያም አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ በወሬ መሐል ይጠጣል እንጂ እንደ ውኃ አይጨለጥም። ቡና የጨጓራን አሲድ ያነሳሳል። ስለዚህ የሚያስቸግረን ብዙውን ጊዜ ቁርሱን ትተን ቡናውን ብቻ መውሰዳችን ነው። አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ለሴቶች ልጆች፦ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ በምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋሉ። ከበላችሁ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ብትቆዩ ይሻላል። ጫትን በተመለከተ ብዙ አልልም። የምግብ ፍላጎትን እንደሚዘጋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ረሃብ የማይሰማው ሰው ደግሞ መቼ መብላት እንዳለበት በምን ያውቃል?

እስቲ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ሆዱ ላይ መስኮት ስለነበረው ሰው ነው።

በ1822 እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካ አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የሚባል የፀጉር ቆዳ ነጋዴዎች ተቀጣሪ ሠራተኛ ነበር። በድንገት ከቅርብ ርቀት በባረቀ ጠመንጃ ሆዱን ተመታ። ይሞታል ሲባል ዳነ፤ ነገር ግን ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሳይገጥም ከውጭ ወደ ጨጓራው የሚያስገባ ቀዳዳ ቀረበት። ያከመው የጦር ሠራዊት ሐኪም ዊልያም ቦሞንት ይባላል። ሐኪሙ ሥጋና ዳቦ በሐር ክር እያሰረ በቀዳዳው ወደ ጨጓራው ይከትትና ከሰዓታት በኋላ ስቦ እያወጣ ይመለከት ነበር! ያየውን ሁሉ መዝግቦ በ1833 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተመው። ካገኛቸው ነገሮች መካከል ሁለቱን ብቻ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ምግቡ በደቀቀና በለሰለሰ መጠን ቶሎ ይፈጫል። ሁለተኛ፣ ሰውየው ሲናደድ የጨጓራው ሥራ ይታወካል። ልብ በሉ፤ በዚያን ዘመን ኤክስሬይ የለም፣ ኢንዶስኮፒ የለም፤ በዓይን ብቻ የታየ ነገር ነው። (ሰውየው ድሃ ስለነበር ሐኪሙ እንደ ዕቃ ነው የተጠቀመበት ብዬ አስባለሁ። ዛሬ ያለ ሙሉ ፈቃድ እንዲህ ያለ ምርምር አይፈቀድም።)

ስለዚህ እየተጣላችሁ ወይም ነገ ያለውን ፈተና እያሰባችሁ የዋጣችሁት እራት ለምን እንደ ድንጋይ እንደሚቀመጥባችሁ አሁን ገባችሁ። ሌላም አለ። ጨጓራ ሲወጠር የሚያስተላልፈው መልእክትና ከአንጀት የሚወጡት ሆርሞኖች «በቃ፣ ጠገብን» የሚለውን ዜና ወደ አንጎል ለማድረስ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ይባላል። በአምስት ደቂቃ የሚጨርስ ሰው ዜናው ሳይደርሰው ነው የሚጨርሰው። ከልኩ በላይ ይበላል፤ ከምግቡ ጋር አየር ይውጣል፤ ሆዱ ይነፋል፤ ወዲያው ሲተኛ ደግሞ አሲዱ ወደ ላይ ይመለስና ቃር ይሆናል። እራት ከበላችሁ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ብትተኙ መልካም ነው። ማጥናታችሁ አይቀር፣ ያኔ አጥኑ! ሲበላ ብሉ፣ ሲጠና አጥኑ።

ይህን የሚመስል ትምህርት ዛሬ በውጭ አገር ገንዘብ ተከፍሎበት ይሰጣል። እኛ ግን ገበታችን ላይ ነበረን። መጀመሪያ እጅ መታጠብ፤ ታናሽ ይነሳና ያስታጥባል። ከዚያ ምስጋና። ከዚያ ታላቅ ይጀምራል። «ከፊትህ ብላ»፣ «አፍህ ሞልቶ አታውራ»፣ «አትስገብገብ» እየተባልን አይደል ያደግነው? እኔ ያኔ ለጨዋነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ገንፎን አስቡ፤ በኦሮምኛ ማርቃ የምንለውን። መሐሉ ላይ ቅቤው፣ ዳሩ ላይ ገንፎው። ከዳር ከዳር እየቆረሰ ያልበላ ሰው አፉን ይቃጠላል። ምግቡ ራሱ ቀስ በል ይላል። ጎደሬም እንደዚያው ነው፤ ተቻኩሎ በደንብ ሳይቀቀል የበላው ሰው ጉሮሮውን እያሳከከው ያድራል። ጾም የሚፈቱትንም ተመልከቱ። በረመዳን ወላጆቻችን በቴምርና በውኃ ጀምረው ትንሽ ያርፋሉ። በፋሲካ ደግሞ ሆድ እንዲለሰልስ አስቀድመው ተልባ የሚጠጡ አሉ። ሁለቱም ወገን ለብዙ ሰዓታት ወይም ለብዙ ቀናት ያረፈ ሆድ በድንገት እንደማይደፈር ያውቃሉ።

ስለ ገበታ ካነሳን ዘንድ ክበባችሁን በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለ። በሽታው አገራችን ውስጥ በተስፋፋባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ብዙ ወገኖች ሳህናቸውና ብርጭቋቸው ይለይ ነበር። ከገበታ ይነሱ ነበር። ለብቻው ጥግ ተቀምጦ የሚበላ ልጅ እንዴት እንደሚበላ አይታችኋል? አንገቱን ደፍቶ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ማንም ሳያየው ለመጨረስ። ያ ልጅ ምግቡ አይጣፍጠውም፤ አይስማማውምም። ኤች አይ ቪ በምራቅ፣ በጉርሻ፣ በአንድ ገበታ በመብላት፣ በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት አይተላለፍም። ይህ ጥርጥር የለውም። እንዲያውም ቫይረሱ ገና ወደ ሰውነት በገባባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት አጥብቆ ከሚጎዳቸው ቦታዎች አንዱ አንጀት ውስጥ ያለው የመከላከያ ሴል ነው። ተረጋግቶ በሰው መሐል መብላት ለማንም ይጠቅማል፤ ለእንደዚህ ያለ ሰው ግን ይበልጥ ያስፈልገዋል።

አሁን የመጣሁበትን ዋና ነገር ልንገራችሁ። የአንድ ልጅ ታሪክ ነው። እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ ስሙንም ከተማውንም ግን አልነግራችሁም። ማን ይሆን እያላችሁም እርስ በርስ አትተያዩ፤ እዚህ የለም።

የእናንተ እኩያ ነበር። ከቫይረሱ ጋር የተወለደ ነው። በ1997 ዓ.ም. በአገራችን ነፃ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ከተጀመረ በኋላ የተወለደ ስለሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዷል። በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ነበር። ከዚያ አስራ አንደኛ ክፍል ሲደርስ ቤት ተከራይቶ ለብቻው መኖር ጀመረ። ከተወሰኑ ወራት በኋላ ስንመረምረው የቫይረሱ መጠን ጨምሮ ተገኘ። ሁላችንም አንድ ነገር ብቻ አልን፤ «መድኃኒትህን ትተሃል።» እሱ «አንድም ቀን አላቋረጥኩም» ይላል። አላመንኩትም። ተቆጣሁት። ልጁ አለቀሰ። ያንን ቀን ሳስታውስ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ጠየቅሁት። «ትናንት ማታ እራትህን ከጀመርክበት እስክትተኛ ድረስ ያደረግከውን አንድ በአንድ ንገረኝ» አልኩት። ነገረኝ። ቀኑን ሙሉ አልበላም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሒሳብ እየሠራ የቀዘቀዘ እንጀራ በጥቂት ደቂቃ ውጧል። ክኒኑን ውጧል። ከዚያ እንደ ወትሮው ሆዱን ስላቃጠለው ከመድኃኒት ቤት የገዛውን የሚታኘክ የጨጓራ መድኃኒት ወስዷል። «ስንት ጊዜ ሆነህ?» አልኩት። «ቤት ከተከራየሁ ጀምሮ በየማታው» አለኝ። የጨጓራውን መድኃኒት ሲገዛ ሌላ መድኃኒት እንደሚወስድ ለሻጩ አልተናገረም። አፍሮ ነው። እኛም አልጠየቅነውም።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚወስደው ክኒን ውስጥ ዶሉቴግራቪር የሚባል መድኃኒት አለ። ለጨጓራ የሚሸጡት ብዙ ሽሮፖችና የሚታኘኩ ክኒኖች ደግሞ አሉሚኒየምና ማግኒዚየም አላቸው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሆድ ውስጥ ሲገናኙ እነዚህ ማዕድናት መድኃኒቱን አጣብቀው ይይዙታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ ደም ሳይገባ ይቀራል። ልጁ እውነቱን ነበር፤ አንድም ቀን አላቋረጠም። ግን በየማታው እየዋጠ ሳይወስድ ኖሯል።

ትክክለኛው አወሳሰድ እንዲህ ነው። ዶሉቴግራቪር እንዲህ ያለው የጨጓራ መድኃኒት ከመወሰዱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ፣ ወይም ከተወሰደ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይወሰዳል። የብረትና የካልሲየም ክኒን የሚወስድ ሰው ከእሱ ጋር አንድ ላይ መውሰድ የሚችለው ከምግብ ጋር ሲሆን ነው። በራሳችሁ አታስተካክሉ፤ ጠይቁ። ደግሞ ማንም ሰው ወደ መድኃኒት ቤት ሲሄድ «ሌላ መድኃኒት እወስዳለሁ» ማለት ይችላል። ምን መድኃኒት እንደሆነ ለባለሙያው ብቻ ለብቻ መንገር ነው።

እና ልጁስ? የክኒኑን ሰዓት ወደ ጠዋት አዛወርንለት። ከዚያ ይበልጥ ያወራነው ግን ስለ እራቱ ነው። የቀኑን ምግብ በሁለት ከፈለው፤ ጠዋት አንድ ቁራጭ ቂጣ ወይም የተቀቀለ ጎደሬ፣ ማታ ቀሪውን። ደብተሩን ዘግቶ መብላት ጀመረ። ከግቢው ካለ ሌላ ተማሪ ጋር አንድ ሳህን ላይ አዋጡ። የማቃጠሉ ነገር እየቀነሰ መጣ፤ የጨጓራ መድኃኒቱን መግዛት ተወ። ከወራት በኋላ ስንመረምረው ቫይረሱ እንደገና በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር።

አሁን ግን እንዳትሳሳቱብኝ። ቀስ ብሎ ማኘክ ሁሉንም የሆድ ሕመም ያድናል አላልኩም። ጨጓራ የሚባለው ብዙ ጊዜ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ከሚባል ባክቴሪያ ይመጣል። ድሮ ሐኪሞችም ከጭንቀትና ከቃሪያ ብቻ ይመስላቸው ነበር። አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል የሚያምነው ቢያጣ በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመና አሳየ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት አገኙ። ይህ ባክቴሪያ በምርመራ ይታወቃል፤ ሐኪም በሚያዘው መድኃኒት በሁለት ሳምንት ገደማ ይታከማል። በማኘክ አይጠፋም። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ደም ያስመለሰ፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ምግብ መዋጥ ያቃተው ሰው ነገ ዛሬ ሳይል ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂድ።

ጥያቄ ካላችሁ ልስማ ስል ከኋላ አንዲት ተማሪ ተነስታ እንዲህ አለችኝ። «ሲስተር፣ ቀስ ብለን እንዳንበላ እኮ የምንበላው ራሱ ትንሽ ነው። ቀስ ስንል ጭራሽ የሚያልቅብን ቢመስለንስ?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ልጄ፣ ትክክል ነሽ። ልብ ብሎ መብላት የጎደለውን ምግብ አይሞላም። ያንቺን ጥያቄ መመለስ ያለብን እኛ ትልልቆቹ ነን። እስከዚያው ግን ሦስት ነገር ልንገርሽ። ያለሽን አንድ ምግብ ለሁለት ክፈይው፤ ባዶ ሆድ ረጅም ሰዓት አይክረም። አብረሽ ከምትኖሪው ልጅ ጋር አዋጡ፤ የሁለት ሰው ሽሮ ከአንድ ሰው ሽሮ ይረክሳል። አቮካዶና ሙዝ በሚረክስበት ወቅት ከሳምቡሳው ይልቅ እሱን ግዢ። ምግብ ጨርሶ ካጣሽ ደግሞ ለክፍል ኃላፊሽ ንገሪያቸው፤ ለመናገር ከከበደሽ ወደ እኔ ነይ። መድኃኒት እየወሰደ ክብደቱ የቀነሰ ሰውም ዝም ብሎ አይቀመጥ፤ ይታወቅለት ዘንድ በቀጠሮው ቀን ሚዛን ላይ ይውጣና ለነርሷ «የምበላው አልበቃኝም» ይበል። ይህንን ስንሰማ የምናደርገው ነገር አለን።

ቆሎው ከኋላ ወንበር ላላችሁት አልደረሰም አሉኝ። ከረጢቱ ውስጥ ትንሽ ቀርቷል፤ ስትወጡ በር ላይ ውሰዱ።